የልብስ ማስጫ ገመድ

ጋሪው ከባቡር ጣቢያው ኮረብታ ቁልቁል ሲንደረደር አክስቲቱ ልጓሙን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ እግሮቿን ከፊት ለፊቱ ሳንቃ ጋር አጥብቃ፣ በቅሎዋን እንደ ሰው ትገሥጻት ነበር።

«ቀስ በይ እንጂ! ምን አጣደፈሽ? የተሸከምሽው ሰው እንጂ ጭድ አይደለም።»

«ከጭድ የምበልጠው በጥቂቱ ነው፤ አትቆጫት፤» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ወጣት።

አክስቲቱ ሳቀች፤ ሳቋን ግን ወዲያው ዋጠችው፤ የተናገረው እውነት ነበረና። እናቱ ከሞተች ወዲህ በእቅፏ ያሳደገችው፣ ሲሄድ ትከሻው በር ይሞላ የነበረው የወንድሟ ልጅ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ራሱን እንደ እስረኛ ተላጭቶ፣ ከአንዲት የቆዳ ሻንጣና ከለበሰው ወፍራም ግራጫ ኮት በቀር አንዳች ሳይዝ ተመልሷል። ሆኖም ተመልሷል። ጣቢያው ላይ አቅፋው የልቡን ምት በደረቷ ስትሰማ ይህች አንዲት ቃል ሌላውን ሁሉ ሸፈነችባት።

ሲሄድ እንዲህ አልነበረም። መንግሥት ከአውራጃው ወጣቶች ሁሉ በፈተና የመረጠው እርሱን ነበርና፣ ባሕር ተሻግሮ የድልድይ ሥራ ተምሮ እንዲመጣ፣ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለውንም ወንዝ በድንጋይ ቅስት እንዲያስር፣ የጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ እየነፋ፣ የመሻገሪያው አዛዥ ሻለቃም ሰይፉን መዝዞ ሰላምታ እየሰጠ ነበር የተሸኘው። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ የጠራው የለም፤ ልጅ ዐዋቂው «ድልድዩ» አለው። ትምህርቱን ሊፈጽም የመጨረሻው ፈተና ብቻ ሲቀረው በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጦርነት ታወጀ። ትምህርት ቤቱ በሩን ዘጋበት፤ ፖሊስም እንደ ጠላት ዜጋ ወስዶ በሽቦ አጥር ውስጥ አኖረው፤ በዚያም ተስቦ ያዘው። ሰላም ሲወርድ ከምርኮኞች ጋር ተለውጦ ወጣ። ዲፕሎማ ግን አልያዘም።

ጦርነቱ ከአክስቲቱም ቤት ደርሶ ነበር። አንድ ልጇ፣ ከዚህ ወጣት ጋር በአንድ አልጋ ያደገው አሥር አለቃ፣ ከግንባር አልተመለሰም። ጣቢያው ላይ ሲተቃቀፉ ሁለቱም ስለ እርሱ አሰቡ፤ ሁለቱም ስሙን አላነሡም።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል የቋጠረችበትን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«እቴቴ፣» አለ ወጣቱ፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«ከበላህ በኋላ።»

«እየበላሁ ልለምንሽ።»

«እንዲያ ከሆነ ለምን፤ አስኳሉን ግን እንዳትጥለው፤ አውቅሃለሁ።»

«በላይኛው መንገድ፣ በገበያው በኩል አታስገቢኝ። በታችኛው በወንዙ ዳር እንሂድ። ማንም ሳያየኝ ቤት ልግባ። ጥቂት ቀን ካረፍኩ በኋላ ወደ ወደቡ ከተማ እወርዳለሁ፤ እዚያ ከማያውቀኝ ሰው ዘንድ የጸሐፊነት ሥራ አላጣም።»

«የማያውቅህ ሰው ምን ያደርግልሃል?»

«"ድልድዩስ የት አለ?" ብሎ አይጠይቀኝም።»

ኀፍረት የያዘው ሰው ዐይን ሁሉ እርሱን ለመመልከት የተከፈተ ይመስለዋል፤ ከዚህ ስሕተት በክርክር የዳነ ሰው አክስቲቱ አላየችም። ስለዚህ ልጓሙን ወደ ግራ ሳበች።

«በታችኛው እንሄዳለን። ዕድል ቀንቶሃል፤ ጎርፉ የመሻገሪያውን ጀልባ ገመድ ስለ በጠሰው አባትህ አዲሱን ታላቅ ገመድ የሚገምደው ነገ ነው። ዛሬ የገመድ ቤቱ ታችኛው በር ዝግ ነው፤ ነፍስ የሚባል አታገኝም።»

«ገመዱ ተበጠሰ?» ወጣቱ ዳቦውን ከአፉ መለሰ። «ድልድዩ ቢሠራ ኖሮ ገመድ ባላስፈለገ።»

«ጀመርክ ደግሞ! ጎርፉንም አንተ ነህ የላክኸው?»

ፈገግ አለ። ከጣቢያው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ ይሆን?»

«ሰዓት ከየት አባቴ አመጣለሁ? የግድግዳውን አውርጄ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት፤ የእነዚያ ሥሪት ነበር። ልጄን ከቀበሩብኝ አገር የመጣ ዕቃ ከደጄ አይገባም ብዬ ምያለሁ።»

«እኔም ከዚያ ነው የመጣሁት፤ እቴቴ።»

«አንተ የዚህ ሥሪት ነህ። ደግሞም ብላ።»

ወጣቱ በላ፤ ነገር ግን እጆቹን ወደ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ቀስ አድርጎ ሲሰበስብ አየችው። ያን ጊዜ ኮቱን ልብ አለችው።

«ኮቱን ከየት አገኘኸው?»

«ገዛሁት። አሮጌ ልብስ ከሚሸጥ ሰው።»

አክስቲቱ ዕድሜዋን በመርፌ ያሳለፈች ሴት ነበረች። በእጅጌው ጫፍ አካባቢ የቀድሞው እጥፋት መስመር ደብዝዞ ይታያል፤ አንድ ሰው ስፌቱን ፈትቶ አስረዝሞታል፤ አዲሱም ስፌት ደቃቅና ድርብ ነበር። አሮጌ ልብስ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ክንድ ለክቶ እጅጌ አያስረዝምም። ልጁ እንደ ዋሸ ዐወቀች፤ የዋሸውም ለራሱ ሳይሆን ለእርሷ ብሎ እንደ ሆነ ጠረጠረች። በቅሎዋን ብቻ ነካ አደረገቻት።

የገመድ ቤቱ ከገበያው አደባባይ ጀምሮ እስከ ወንዙ ዳር የሚዘልቅ ጠባብና ረጅም ቤት ነው። ወደ ታችኛው በር ሲቃረቡ ከውስጥ የመዘውር ሲጥሲጥታና የብዙ ሰው ጉርምርምታ ተሰማ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

«ነገ ነው አላልሽም?»

«ነገ ነው እንጂ!» አለች አክስቲቱ ደንግጣ። «አባትህ ራሱ ነው የነገረኝ! ቆይ፣ በቅሎዋን ላዙራት...»

እርሷ ማለዳ ከወጣች በኋላ ሻለቃው መጥቶ ወንዙ ከላይ በኩል እንደገና እየሞላ መሆኑን፣ ገመዱም ዛሬውኑ ካልተዘረጋ ጀልባይቱ እንደምትወሰድ ተናግሮ ነበር። ይህን እርሷ ልታውቅ አትችልም። በቅሎዋም ለመዞር አልታደለችም፤ ከበሩ ውስጥ ታላቅ ጩኸት ወጣ።

«እግሬን! እግሬ ዞረ! ያዙልኝ!»

የጮኸው «ግንዱ» የሚሉት ግዙፍ ሠራተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ገመድ ሲገመድ ሦስቱ ጉንጉኖች የቤቱን ርዝመት ያህል ይዘረጋሉ። በላይኛው ጫፍ መዘውሩ ያዞራቸዋል፤ በታችኛው ጫፍ ሦስቱም በአንድ መንጠቆ ታስረው፣ መንጠቆው በተተከለበት፣ ድንጋይ በተጫነበት መንሸራተቻ ላይ አንድ ብርቱ ሰው እጀታውን በተቃራኒው ይጠመዝዛል። ዋናው ባለሙያ ሦስት ቦይ የተቦረቦረበትን ሾጣጣ እንጨት በጉንጉኖቹ መካከል ይዞ፣ ከኋላው ወዳለው መዘውር የኋሊት እየተራመደ፣ ዐይኑን ከሚወለደው ገመድ ላይ አይነቅልም። በመንገዱ ሁሉ የከተማው ሰው በሹካ እንጨት ጉንጉኖቹን ደግፎ ይቆማል። ሥራው አንድ ጊዜ ከተጀመረ እስኪፈጸም አይቆምም፤ አንዱ እጁን ቢለቅ የታመቀው ጥምዘዛ ወደ ኋላ ተፈትቶ ገመዱን ያበላሻል፤ ሰውም ይገርፋል።

አሁን ግንዱ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ በእጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊት ለፊቱ፣ እጅ ቢዘረጉ በሚደረስበት ቅርበት፣ ባለ ሾጣጣው ባለሙያ ቆሟል። እርሱም የወጣቱ አባት ነበር።

አባት ቀና ሲል ልጁን በበሩ ብርሃን ውስጥ አየው። ሁለቱ እጆቹ ግን ከሾጣጣው አልተነሡም፤ ሊነሡም አይችሉም።

«ያዘው!» አለ።

ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ሆነ። ወጣቱም ከጋሪው ዘሎ፣ ግንዱን በትከሻው ገፍቶ፣ እጀታውን ያዘ። በልጅነቱ የሠራው ሥራ ነበርና እጆቹ ሳይጠይቁት ዐወቁት። ከመንሸራተቻው ቀጥሎ የቆመው ሰው ግንዱን ለመደገፍ ሹካውን ጥሎ ስለ ነበር አክስቲቱ በቅሎዋን እንደ ቆመች ትታ ያን ሹካ አነሣች።

ገመዱ እንደገና ተነፈሰ። አባት የኋሊት መራመድ ጀመረ።

«ድልድዩ መጣ!» አለ ከአክስቲቱ ቀጥሎ የቆመው ፀጉር አስተካካይ። «ድልድዩ መጣ!» አለ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ እስከ አደባባዩ ደረሰ፤ ከዚያም ጭብጨባ ሊሆን ሲል ሰው ሁሉ እጁ መያዙን አስታወሰና ሳቅ ሆነ።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ከዚህ ስም ሊሸሸግ በጓሮ የመጣ ሰው፣ እነሆ፣ ከተማው ሁሉ ከተሰለፈበት ቤት መካከል ቆሟል፤ ገመዱም ሲገመድ እያጠረ ስለሚሄድ መንሸራተቻውን ከነሰውየው እየጎተተ ወደ ሕዝቡ መካከል ያስገባዋል።

«እቴቴ፣ ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

«በልጄ አፈር፣ አላወቅሁም! አሁን ግን አዙር፤ አትለቅ!»

«ከሳህ!» ብሎ ጮኸ አባት እየራቀ።

«እርስዎም ሸበቱ!»

«ምን አለ?» አለ አባት፤ የመዘውሩ ሲጥሲጥታ ድምፅ ይበላ ነበር። አባትና ልጅ ፊት ለፊት እየተያዩ በየርምጃው ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በመካከል የቆመው ሰው ሁሉ፣ ሳይታዘዝ፣ ቃላቸውን ተቀብሎ ያሻግር ጀመር።

«ሸበቱ ይላል!»

«ሸበቱ ብሎሃል፤ ጌታው!»

«ፀጉሩን የላጨው ማን እንደ ሆነ ጠይቁልኝ፤» አለ ፀጉር አስተካካዩ በራሱ ሥልጣን ጨምሮ። «ስሙን ብቻ ይንገረኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተዉት።»

«አርፈህ ሹካህን ያዝ፤» አለችው አክስቲቱ። «ያንተም እጅ ከዚያ አይሻልም።»

ሳቁ ሳይበርድ ከላይ ጥያቄ ወረደ፤ እየቀረበም ሲመጣ ሰዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ሳይቀልድ ለአክስቲቱ አቀበላት።

«ትምህርቱስ? ይላል አባቱ።»

ወጣቱ እጀታውን አዞረ፤ ደግሞ አዞረ።

«አልጨረስኩም በይው።»

«አልጨረስኩም ይላል፤» አለች አክስቲቱ ጮክ ብላ።

በሌሊት እንቅልፍ የነሣው ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ወጣቱ ሰማው። አንዲት አሮጊት አልጨረሰም አለች፤ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አልጨረሰም አለ፤ ማንንም አልከበደውም፤ ዝናብ አልዘነበም የሚሉ ያህል ብቻ አቀበሉት። ወደ ላይኛው ጫፍም ደረሰ። ከዚያም መልሱ እየሳቀ ተመለሰ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርስ ሳቁ ቃሉን ሊያስጥለው ነበር።

«እኛም ገመዱን አልጨረስንም፤ በደንብ ያዙር! ብሏል።»

ወጣቱ ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። ግንዱ ከተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጦ እግሩን እያሸ፣ «አታስቁት፤ ዋ ይለቅና!» ብሎ ጮኸ።

ሁለተኛው ጥያቄ ያን ጊዜ መጣ። አክስቲቱ ከፀጉር አስተካካዩ ተቀብላ ወደ ልጁ ዞረች፤ ድምፅዋንም ለእርሱ ብቻ አደረገችው።

«ያን የመሰለ ኮት ያለበሰህ ማን ነው? ይላል አባትህ። ገዛሁት ብለህ እንዳትልክ። ይህን ሁሉ አፍ ውሸት አላሸክምም።»

ወጣቱ አያት። እጆቹ ታስረዋል፤ ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ የለውም።

«ልብስ አጣቢ ናት፤» አለ። «የእነዚያ አገር ሰው። ከአጥሩ ማዶ የሠራዊቱን አንሶላ ታጥባለች። የምታሰጣበት ገመድ አሮጌ ስለ ሆነ ይበጠስና አንሶላው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፤ እርሷም በራሷ ትስቃለች፤ እንደገና ታጥባለች። አንድ ቀን ጫፉን በአጥሩ አሳልፋ ሰጠችኝ፤ ቋጠርኩላት። ከዚያ ወዲያ በተበጠሰ ቁጥር ትጠራኝ ነበር። ተስቦ ሲይዘኝ ዘበኛውን ለምና ገብታ ሾርባ አጠጣችኝ። ስንለቀቅ ብርድ ነበር። የልጇን ኮት አመጣች፤ ክንዴን ለካች፤ ሌሊቱን እጅጌውን አስረዝማ አለበሰችኝ።»

«ልጇስ ምን ይለብሳል?»

«ልጇ ሞቷል፤ እቴቴ። በዚያው ግንባር።»

ሹካው በአክስቲቱ እጅ ላይ ከበደ። በዚያው ግንባር ማለት የእርሷም ልጅ የተኛበት ነው። ማን ማንን እንደ ገደለ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያ የመጣባት ቍጣ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ግን ቁም ሣጥኗ ነው። በቁም ሣጥኗ ውስጥ የልጇ ኮት ተንጠልጥሏል፤ እስከ ዛሬ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ያቺ ሴት ግን ከተሰቀለበት አወረደችው፤ ስፌቱን በምላጭ ፈታችው፤ ከልጇ ክንድ ለሚረዝም ለሌላ ክንድ አስተካከለችው። ይህ ምን ያህል ኀይል እንደሚጠይቅ በዚያ ቤት ከቆመው ሕዝብ ሁሉ እርሷ ብቻ ታውቃለች።

«ምን አለ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እትዬ፣ ምን አለ?»

ገመዱ ጮኸ። ወጣቱ ዐይኑን ከእርሷ አላነሣም።

«ያለበሰችው እናት ናት!» አለች አክስቲቱ፤ ድምፅዋም አስተላላፊ ሳያስፈልገው የቤቱን እኩሌታ ሞላው። «ልጇ በጦርነቱ የሞተባት እናት ናት! ከእነዚያ ወገን ናት! የልጇን ኮት እጅጌውን በገዛ እጇ አስረዝማ ነው ያለበሰችው! እንደዚህ በሉት፤ አንዲት ቃል እንዳታጎድሉ!»

አላጎደሉም። ቃሉ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሉ ማሰሮ እየተያዘ፣ ወደ ላይ ወጣ። ከግንባር ያልተመለሰ ሰው ያለው ሁሉ ሲያቀብል ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሆኖም አቀበለ። ከመዘውሩ አጠገብ ደረቱን ነፍቶ የቆመው ሻለቃ ቆቡን አወለቀ። ከአባትም አንዲት አጭር ቃል መውረድ ጀመረች።

«እግዚአብሔር ይስጣት።»

«እግዚአብሔር ይስጣት።»

«እግዚአብሔር ይስጣት፤» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አባቱ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሙሉ፣ በየአፉ፣ አመሰገናት።

«እግዚአብሔር ይስጣት፤» አለች አክስቲቱም።

የወጣቱ እንባ በጉንጩ ወረደ። «እኔ አላልኳትም ነበር፤» አለ። «እጅጌውን እያየሁ ሳለ ባቡሩ ተነሣ።»

«አሁን አልክ፤» አለችው። እጆቹ ስለ ታሰሩ በአንድ እጇ ሹካውን እንደ ያዘች በሌላው የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ፊቱን ጠረገችለት፤ በልጅነቱ እንደምታደርገውም አፍንጫውን ጨመረችለት። ሰው ሁሉ አየ፤ እርሱም ሰው እንዳየው ዐወቀ፤ ግድም አልሰጠው።

ሾጣጣው ከመዘውሩ ሲደርስ «በቃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መዘውሩም ቆመ። የታሰረው እጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈታና ቀደም ሲል የቀረው ጭብጨባ ያን ጊዜ ፈነዳ። አባት የቤቱን ርዝመት፣ አዲሱን ገመድ በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ወደ ልጁ መጣ። በጉዞው ሁሉ አንድም ጊዜ አልሮጠም፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ርምጃዎች ግን ሮጠ። ሲተቃቀፉ ያደረጉትን ንግግር አስተላላፊ ስላልነበረው ማንም አልሰማውም።

ሻለቃውም አባትን ተከትሎ ደረሰ። «እንኳን በደኅና ገባህ። ድልድዩን በተመለከተ...»

«ሻለቃ፣» አለ ወጣቱ ቀጥ ብሎ፣ «ታላቁን ወንዝ የሚያስር ትምህርት አልፈጸምኩም፤ ፈጽሜያለሁም አልልም። ከወፍጮው በታች ላለው ትንሽ ጅረት ግን የእንጨት ድልድይ መሥራት እችላለሁ።»

«እግዚኦ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ከዚያ ጅረት ነው በየክረምቱ ሱሪዬን የማወልቀው! ነገ ይጀመር!»

«ነገማ አይሆንም፤ እንጨት መቍረጥ አለ፤» አለ ወጣቱ በቁም ነገር፤ ሻለቃውም በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀ። ስለ ወደቡ ከተማ ከዚያ በኋላ ያነሣ አልነበረም።

የገመድ ቤቱ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ታላቅ ገመድ ሲፈጸም የተረፈው ቃጫ መንሸራተቻውን ለያዘው ሰው ይሰጣል፤ እርሱም የወደደውን ይፈትልበታል።

«ቃጫው የእኔ ነው!» አለ ግንዱ ከቅርጫቱ ላይ። «የጀመርኩት እኔ ነኝ!» ቀጥሎም ወጣቱን አየው፤ ኮቱንም አየው። «እሺ፤ እግሬ ለራሴው ስላልታዘዘ ነው እንጂ... ውሰደው። ምን ትሠራበታለህ?»

ወጣቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት አክስቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ በትንሹ የመፍተያ መዘውር አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ያቺ ሴት የምታሰጣው ምንድን ነው ያልከኝ?»

«የሠራዊት አንሶላ።»

«እርጥብ አንሶላ ከባድ ነው። ወፍራም አድርገህ ፍተለው። ፖስታ ቤቱ ወደዚያ አገር መላክ ጀምሯል አሉ፤ ቍጣዬ ሳይመለስብኝ አድራሻዋን ስጠኝ።»

«እቴቴ፣» አለ ወጣቱ ቃጫውን በወገቡ እየጠመጠመ፣ «ምለሽ አልነበረም?»

«ከዚያ የሚመጣ ነገር አይገባም አልኩ እንጂ ከዚህ የሚሄድ አይወጣም አላልኩም።»

«ኮቱስ?»

አክስቲቱ የመዘውሩን እጀታ ያዘች።

«ኮቱን ማታ አምጣልኝ። ሁለተኛው ቁልፍ ላልቷል።»

ከዚያ አዞረች። ወጣቱ የቃጫውን ጫፍ ከመንጠቆው አያይዞ፣ በጣቶቹ እየመጠነ፣ ገመድ ፈታዮች እንደሚያደርጉት ፊቱን ወደ እርሷ አድርጎ የኋሊት መሄድ ጀመረ። ፈትሉ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ረዘመ። አባቱን አለፈ፤ ግንዱን አለፈ፤ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በሚገባበት በታችኛው በር በኩል፣ ሻንጣው ገና ሳይወርድ በቅሎዋ ወደምትጠብቅበት ጋሪ ደረሰ።

«ይበቃል?» ብሎ ጮኸ ከዚያ።

«ምን ይበቃል!» አለች አክስቲቱ እያዞረች። «የሰው ሁሉ ልብስ ነው የምታጥበው፤ ጋሪውን ገፋ አድርገውና ጨምር!»